ባሕር ዛፍ ወደ አጸዱ ሲገባ

በደብረ ታቦር ዙሪያ ባሉ ወረዳዎች የሚጓዝ ሰው ደብር መኖሩን የሚያውቀው ጉልላቱን ከማየቱ በፊት ነው። በታረሰውና በተጋጠው መሬት መሐል ጥቅጥቅ ያለ ደን ከታየ፣ በውስጡ ቤተ ክርስቲያን አለ። ጥዱ፣ ወይራው፣ ዋንዛውና ዝግባው ለዘመናት የቆዩት ምእመናን የታቦቱ ናቸው ብለው ስላከበሯቸው ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር በሚገኙ 28 አብያተ ክርስቲያናት ደኖች ላይ ባደረጉት ጥናት 168 የዛፍ፣ የቁጥቋጦና የሐረግ ዝርያዎችን መዝግበዋል።

አሁን አሁን ግን በብዙ አጸዶች ዳር፣ አልፎ አልፎም መሐል ለመሐል፣ ሌላ ዛፍ ቀጥ ብሎ ይታያል፤ ባሕር ዛፍ።

የባሕር ዛፍ የትውልድ አገር አውስትራሊያ ነው። ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1880ዎቹ ዓ.ም፣ በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፣ የአዲስ አበባን የማገዶ እጥረት ለማቃለል ነበር። ከዚያ ወዲህ በደጋውና በወይና ደጋው አርሶ አደር ጓሮ ያልደረሰበት ቦታ ጥቂት ነው። በጥቂት ዓመታት ለአጣናና ለማገር ይደርሳል፤ ተቆርጦ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ከብትም አይበላውም። ዘር በጠፋበት ዓመት ተሸጦ እህል ይገዛል፣ ልጅ ያስተምራል። ለሰበካ ጉባኤም ቢሆን ከሚሸጠው ግንድ የሚገኘው ገንዘብ የቤተ ክርስቲያኑን ጣሪያ ያሳድሳል። በደን ውስጥ የተከፈተ ክፍት ቦታ ሲገኝ ባሕር ዛፍ የሚተከልበትም ምክንያት ይኸው ነው።

ጥያቄው ከግንዱ በታች ምን ይሆናል የሚለው ነው።

በሀገር በቀል ደን ውስጥ አፈር የሚሠራው በቅጠል ነው። የዋንዛና የብሳና ቅጠል ለስላሳ በመሆኑ መሬት እንደነካ ሥራው ይጀመራል። ሺ እግርና ምስጥ ይቆራርጡታል፤ በዓይን በቅጡ የማይታዩ ጥቃቅን ነፍሳት ያደቁታል፤ ሻጋታና ባክቴሪያ ያበሰብሱታል። የመሬት ትል ደግሞ ብስባሹን ወደ ውስጥ እየሳበ ከአፈሩ ጋር ያዋሕደዋል። ትሉ የሚሄድበት ቀዳዳ ዝናብ የሚሰርግበት መንገድም ነው። በዚህ ምክንያት የደኑ አፈር ጥቁር፣ ልልና እርጥበት ያዥ ይሆናል።

የባሕር ዛፍ ቅጠል ግን ለእነዚህ ነፍሳት የማይመች ምግብ ነው። ጠንካራና ሰም የለበሰ ነው፤ ሽታው የሚመሰክረው ዘይትና መራራ ንጥረ ነገሮችም አሉበት። ከካርቦኑ አንጻር የያዘው ናይትሮጅን አነስተኛ ስለሆነ መበስበሱ ይዘገያል። ዛፉን በትውልድ አገሩ ሲመገቡ የኖሩ ነፍሳት አብረውት አልመጡም፤ የእኛዎቹም አብዛኞቹ አልለመዱትም። በፍጥነት የሚያድግበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ከሥሩ የሚኖረው ሕይወት የሚሳሳበትም ምክንያት ይኸው ነው። ትልና ሺ እግር ሲቀንሱ እነሱን ለቅሞ የሚያድር ወፍም ይቀንሳል። ለንብ ግን ባሕር ዛፍ ጥሩ አበባ መስጠቱ ሊካድ አይገባም።

ችግሩን የሚያባብሰው የሰው እጅ ነው። የወደቀው ቅጠል ሳይበሰብስ ተጠርጎ ለእንጀራ መጋገሪያ ይወሰዳል። ግንዱም በየጥቂት ዓመቱ ተቆርጦ ይሄዳል። አፈሩ ይሰጣል እንጂ አይቀበልም። ሥሩ ሣርና ቁጥቋጦ የሳሳበት መሬት ደግሞ ተዳፋት ከሆነ በክረምት ይታጠባል። በደቡብ ጎንደር በቤተ ክርስቲያን ደኖችና በዙሪያቸው የተካሄዱ የአፈር ጥናቶችም በባሕር ዛፍ ሥር ያለው አፈር ከሀገር በቀሉ ደን አፈር ይልቅ በንጥረ ነገር የደኸየ መሆኑን አመልክተዋል።

ሁሉም መጤ ዛፍ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ፋግታ ለኮማ ወረዳ አርሶ አደሮች ለከሰል የሚያለሙት ዲከረንስም ከአውስትራሊያ የመጣ ነው። ነገር ግን የግራር ወገን በመሆኑ በሥሩ ከሚኖሩ ባክቴሪያዎች ጋር ናይትሮጅን ወደ አፈር ያስገባል፤ ከተቆረጠ በኋላም መሬቱ ጤፍ ይዘራበታል። በኦሮሚያ ሙኔሳ ሻሸመኔ ደን የተደረገ ጥናት ደግሞ በመጤ ዛፎች ጥላ ሥር ሀገር በቀል ችግኞች በራሳቸው ሊበቅሉ እንደሚችሉ አሳይቷል። ለዚህ ግን ዘር የሚሰጥ የተፈጥሮ ደን በቅርብ መኖር አለበት። የአጸዱ ደን ከጠፋ ዘሩ ከየትም አይመጣም።

በመሆኑም መፍትሔው ባሕር ዛፍን ማሳደድ ሳይሆን ቦታውን መለየት ነው። የአርሶ አደሩ ባሕር ዛፍ ከአጸዱ ራቅ ብሎ ለእርሻ በማይሆን መሬት ላይ ሊተከል ይችላል። በደኑ ውስጥ በሚከፈት ቦታ ግን መተከል ያለበት ከዚያው ደን ዘሩ የተለቀመ ዋንዛ፣ ወይራ ወይም ብሳና ነው። አስቀድሞ የተተከለውን ባሕር ዛፍ በአንድ ጊዜ ከመመንጠር ይልቅ እያሳሱ መቁረጥ፣ ከጉቶው የሚያቆጠቁጠውን ቡቃያ እየተከታተሉ ማንሳትና ችግኙን ከከብት መጠበቅ ያስፈልጋል። ዶክተር ዓለማየሁ ከአሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ማርጋሬት ሎውማን ጋር በመሆን ያገዙት የድንጋይ አጥር ለዚህ ምሳሌ ነው። ድንጋዩ ከአካባቢው እርሻ ስለሚለቀም ማሳው ይጠራል፤ ከብትም ወደ ደኑ አይገባም።

የአፈሩን ልዩነት ለማየት ቤተ ሙከራ አያሻም። በክረምት አንድ ዶማ አፈር ከዋንዛ ሥር፣ አንድ ዶማ ደግሞ ከባሕር ዛፍ ሥር ቆፍሮ ጎን ለጎን መዘርገፍ ይበቃል። ቀለሙን ማየት፣ በእጅ ማፍረክረክ፣ የሚንቀሳቀሰውን ነፍሳት መቁጠር ነው። በየደብሩ ያለ ሰበካ ጉባኤ በክፍት ቦታው ላይ ምን እንደሚተከል ከመወሰኑ በፊት ይህን ቢያደርግ መልሱን ከመሬቱ ያገኛል።

ዛፍ በሌለበት እምቧጮ አድባር ይሆናል ይባላል። በእነዚህ አጸዶች ግን አድባር የሚሆን ዛፍ ገና አልጠፋም።