አሸዋ የዋጠው ቤተ ክርስቲያን፣ ሣር ያዳናት ከተማ

ሳምንቱን ሙሉ በፋብሪካ፣ በቢሮ ወይም በገበያ ስትደክም የከረመች እናት የዕረፍት ቀኗን ከልጆቿ ጋር የት ብታሳልፈው ይሻላል? ይህ በየቤቱ የሚነሣ ጥያቄ ነው። ብዙውን ጊዜ ግን መዝናናት ሁሉ ገንዘብ የሚጠይቅ ይመስለንና ቀኑ በልብስ አጠባና በጓዳ ሥራ ተጀምሮ በዚያው ያልቃል። ልጆችም ከግቢው አጥር ሳይወጡ ይመሽባቸዋል።

ውድ አንባቢ፣ በዛሬው ዓምዳችን ከአገራችን እጅግ ወደ ራቀ ስፍራ እንወስድዎታለን። ስፍራው በዴንማርክ ሰሜናዊ ጫፍ የምትገኝ ስካገን የምትባል የዓሣ አጥማጆች ከተማ ናት። የቤቶቿ ግድግዳ ቢጫ፣ ጣሪያቸው ቀይ ሸክላ ነው። በዙሪያዋ ያለው የተፈጥሮ ውበት አብዛኛው ያለ ክፍያ፣ በእግር ተኪዶ የሚታይ ነው። ወደዚያ የምንወስድዎት ግን ለማስደነቅ ብቻ አይደለም። ስካገን የሰው ልጅ መሬቱን በገዛ እጁ አራቁቶ የተቀጣባት፣ ኋላም በገዛ እጁ አክሞ ያዳናት ስፍራ ስለሆነች ለእኛም የምታስተምረን ነገር አላት።

ሁለት ባሕሮች ሲገናኙ

የዴንማርክ ዋናው የብስ ጁትላንድ ይባላል። ከጀርመን ድንበር ተነሥቶ ወደ ሰሜን ይዘልቅና በመጨረሻ እንደ ጣት በቀጠነ የአሸዋ ምላስ ያልቃል። ይህን ጫፍ የአገሩ ሰዎች ግሬነን፣ ማለትም «ቅርንጫፉ» ይሉታል። ከመኪና ማቆሚያው እስከ ጫፉ የግማሽ ሰዓት ያህል የእግር መንገድ ነው። በአሸዋ ላይ መራመድ ለሚከብዳቸው አረጋውያንና ሕፃናት በሙቀቱ ወራት በትራክተር የሚጎተት መጓጓዣ ይመላለሳል።

ጫፉ ላይ የቆመ ሰው በግራው ስካገራክ የተባለውን ባሕር፣ በቀኙ ካቴጋት የተባለውን ያያል። የሁለቱ ማዕበል ከሁለት አቅጣጫ መጥቶ ፊት ለፊት ሲገናኝ ውኃው እንደ ተጣላ ሰው ይፋጠጣል፤ ነጭ አረፋም መስመር ሠርቶ ወደ ጥልቁ ይዘልቃል። ልጆች አንድ እግራቸውን በአንዱ ባሕር፣ ሌላውን በሌላው ነክረው ፎቶግራፍ ይነሣሉ። አንዳንድ ቀን አቆስጣ የሚባለው ባለ ጸጉር የባሕር እንስሳ አሸዋው ላይ ተዘርግቶ ፀሐይ ሲሞቅ ይታያል። እንስሳው የዱር ነውና ይናከሳል፤ ስለዚህ ወላጆች ልጆቻቸውን ይዘው ከሩቅ ብቻ ይመለከቱታል።

በጫፉ ላይ መዋኘት ግን ክልክል ነው። የሁለቱ ባሕሮች ግፊት ጎበዝ ዋናተኛን እንኳ ጠርጎ ይወስዳል። ስካገን የባሕሩን ጭካኔ በሚገባ ታውቀዋለች። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1862 ዳፍኔ የተባለች የስዊድን መርከብ በዳርቻው አደጋ ሲደርስባት፣ ባሕረኞቿን ለማዳን በጀልባ ከወጡት የከተማዋ ዓሣ አጥማጆች 8ቱ ሰጥመው ቀርተዋል።

የሚራመደው ኮረብታ

ከከተማዋ በስተደቡብ ምዕራብ 16 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ሮብየርግ ሚሌ የሚባል የአሸዋ ኮረብታ ይገኛል። በሰሜን አውሮፓ ካሉት ተንቀሳቃሽ የአሸዋ ኮረብታዎች ከታላላቆቹ አንዱ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 40 ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ ስፋቱም አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህ ኮረብታ ዛሬ ባዩት ቦታ ከዓመታት በኋላ አያገኙትም። ከምዕራብ የሚነፍሰው ነፋስ አሸዋውን በአንድ ወገን እየጠረገ ወደ አናቱ ያወጣዋል፤ አሸዋውም በሌላው ወገን ቁልቁል ይፈስሳል። በዚህ ዓይነት ኮረብታው በዓመት እስከ 18 ሜትር ድረስ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይራመዳል። ያለፈበት ቦታ ርጥብ ሜዳ ሆኖ ይቀራል።

ልጆች ለዚህ ኮረብታ መጫወቻ አያስፈልጋቸውም። ጫማቸውን አውልቀው ይወጣሉ፣ ተንከባልለው ይወርዳሉ፣ እንደገና ይወጣሉ። እናቶችና አባቶች ከአናቱ ላይ ቁጭ ብለው ምሳቸውን ይበላሉ።

የተቀበረው ቤተ ክርስቲያን

ይህ ዛሬ መጫወቻ የሆነ አሸዋ ግን በአንድ ወቅት የመንደሮች መቅሠፍት ነበር። ከከተማዋ ጥቂት ወጣ ብሎ በአሸዋና በቁጥቋጦ መካከል አንድ ነጭ ግንብ ብቻውን ቆሞ ይታያል። በ14ኛው ምዕተ ዓመት የተሠራው የቅዱስ ሎውረንስ ቤተ ክርስቲያን ግንብ ነው። በ18ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ገደማ ነፋስ የሚያመጣው አሸዋ ደጁን እየደፈነ ስላስቸገረ ምእመናኑ ለጸሎት ለመግባት በሩን በአካፋ መቆፈር ነበረባቸው። ይህን ሥራ ለዓመታት ከታገሉት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1795 ቤተ ክርስቲያኑ ተዘጋ። ሕንጻው ፈርሶ ግንቡ ብቻ ለመርከበኞች ምልክት እንዲሆን ተተወ። በአሸዋ የተሸፈነው ቤተ ክርስቲያን ብቻ አልነበረም፤ በዚያ አካባቢ የእርሻ ማሳና የግጦሽ መሬትም ተቀብሮ ገበሬው ቀዬውን ለቅቋል።

ይህ ሁሉ ከየት መጣ? ነፋሱም አሸዋውም ዱሮም ነበሩ። ልዩነቱን ያመጣው የሰው እጅ ነው። ደኑ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ተቆረጠ፤ አሸዋውን አቅፎ ይዞት የነበረው ሣር ለከብት መኖና ለጣሪያ ክዳን ታጨደ፤ ከብትም ከልክ በላይ ተሰማራበት። መሬቱ ልብሱን ሲገፈፍ ነፋስ የፈለገውን አደረገ። የአፈር መሸርሸር ምን እንደሚያደርስ ከሚያውቅ አገር ለመጣ ሰው ይህ ታሪክ እንግዳ አይደለም።

ሥሩ ረጅም የሆነው ሣር

መድኃኒቱ የተገኘውም ከዚያው ከሣሩ ነው። በዳርቻው የሚበቅል አንድ ሻካራ ሣር አለ፤ አሸዋ ሲያለብሰው አይሞትም፤ ይልቁንም ሽቅብ እየበቀለ ሥሩን በጥልቀት ይሰድዳል። ሥሩ እርስ በርሱ ተጠላልፎ አሸዋውን እንደ መረብ ይይዘዋል። ንጉሥ ክርስቲያን 3ኛ ገና እ.ኤ.አ. በ1539 በአሸዋ ክምሮች ላይ የበቀለውን ሣር መንቀል ከልክለው ነበር። ክልከላው ብቻውን ስላልበቃ እ.ኤ.አ. በ1792 ስለ አሸዋ መከላከል የወጣው ደንብ የየአካባቢው ነዋሪ በተከላው ሥራ እንዲሳተፍ ግዴታ ጣለ። ሣሩ በእጅ፣ ጭብጥ በጭብጥ ተተከለ። ከሣሩ በኋላ ነፋስና ጨው የሚችል ቁመተ አጭር ጥድ መጣ። በስካገን ዙሪያ ያለው የተተከለ ደን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1888 ነው። ዛሬ ቤተሰቦች በጥላው ሥር በእግርና በብስክሌት ይዘዋወሩበታል።

እዚህ ላይ አንባቢ «ታዲያ ሮብየርግ ሚሌ ለምን ሳይታሰር ቀረ?» ብለው ሊጠይቁ ይችላሉ። መንግሥት ሆን ብሎ ነው የተወው። መጪው ትውልድ አባቶቹ ከምን ጋር ይታገሉ እንደ ነበር በዓይኑ አይቶ እንዲማር ነው።

ሰማዩን ቀና ብሎ ማየት

ከግሬነን አጠገብ እ.ኤ.አ. በ1858 የተሠራ 46 ሜትር ቁመት ያለው ግራጫ የመርከብ መብራት ማማ አለ። ከ2017 ወዲህ ሕንጻው ስለ ወፎች ጉዞ የሚያስረዳ ማዕከል ሆኗል። በጸደይ ወራት ወደ ስዊድንና ወደ ኖርዌይ የሚሻገሩ ወፎች በዚህ ጠባብ ጫፍ ላይ ይሰበሰባሉ። በተለይ ንስርን የመሳሰሉ ትላልቅ አዳኝ ወፎች የሚያነሣቸው ሞቃት አየር ከባሕር ላይ ስለማያገኙ ከመሻገራቸው በፊት በሰማዩ ላይ ይዞራሉ።

ወደ ዴንማርክ ከሚመለሱት ወፎች የእኛን አካባቢ የሚያውቁም አሉ። የዴንማርክ ተመራማሪዎች ከኮፐንሃገን በስተሰሜን በሚገኝ ደን ውስጥ በሚፈለፈሉ፣ ጀርባቸው ቀላ ያለ ቡናማ በሆነ ትንንሽ ወፎች ላይ እጅግ ቀላል መሣሪያ አስረው መንገዳቸውን ተከታትለዋል። ወፎቹ ክረምቱን በደቡባዊ አፍሪካ አሳልፈው ሲመለሱ በአፍሪካ ቀንድ አርፈው ይመገባሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 በአፍሪካ ቀንድ ድርቅ በጸና ጊዜ ምግብ ስላጡ ዘግይተው ዴንማርክ ደረሱ። የአንዱ አገር ድርቅ የሌላውን አገር ደን ዝም እንደሚያሰኝ ከዚህ ይገነዘባሉ።

ዳርቻው የሁሉም ነው

በዴንማርክ የባሕር ዳርቻ የሀብታም ብቻ መናፈሻ ሆኖ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ1917 የወጣው የተፈጥሮ ጥበቃ ሕግ ሕዝቡ በዳርቻው በእግሩ እንዲሄድ መብት ሰጠ። በ1937 ደግሞ ከዳርቻው 100 ሜትር ድረስ አዲስ ቤት እንዳይሠራ ተከለከለ። በዓመቱ በ1938 ሠራተኛው ደመወዙ ሳይቋረጥ የሁለት ሳምንት ዕረፍት እንዲያገኝ በሕግ ተወሰነ፤ ዛሬ አምስት ሳምንት ደርሷል። የዕረፍት ጊዜ ያለ መሄጃ፣ መሄጃም ያለ ዕረፍት ጊዜ ከንቱ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ግን የፋብሪካ ሠራተኛዋም ልጆቿን ይዛ ባሕር ዳር ትውላለች።

ስለ ስካገን ሲነሣ አንዲት ሴት መጥቀስ ተገቢ ነው። እርሷም እ.ኤ.አ. በ1859 በዚያው የተወለደችው ሠዓሊ አና አንከር ናት። በዘመኗ የነበሩ ሠዓሊዎች ለብርሃኑ ሲሉ ከሌላ ቦታ ወደ ስካገን ሲመጡ እርሷ ግን የአገሩ ተወላጅ ነበረች። የንጉሣዊው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ለሴቶች የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1888 ስለሆነ በወጣትነቷ መግባት አልቻለችም። ስታገባ መምህሯ የቀለም ሣጥኗን ባሕር ውስጥ ጥላ የቤት እመቤት እንድትሆን መክሯት እንደ ነበር ይነገራል። እርሷ ግን ልጇን እያሳደገች መሣሏን ቀጠለች፤ ሥራዎቿም ዛሬ ከአገሩ ታላላቅ ሥዕሎች ይቆጠራሉ።

ከዚህ ምን እንውሰድ?

ወደ ስካገን የመሄድ ዕድል ቢያጋጥምዎት ነፋስ የሚከላከል ልብስ፣ የሚጠጣ ውኃና ስንቅ ይያዙ፤ ከልጆች ጋር ከውኃው ራቅ ይበሉ፤ የተተከለውን ሣር አይርገጡ፤ ቆሻሻዎን ይዘው ይመለሱ።

ባይሄዱም ትምህርቱ በቤትዎ አጠገብ ይሠራል። በሚቀጥለው የዕረፍት ቀን የጓዳውን ሥራ ከቤተሰቡ ጋር ተከፋፍላችሁ ቶሎ ጨርሱና ልጆችን ወደ ቅርብ ወንዝ፣ ተራራ ወይም ደን ይውሰዱ። የዛፉን ሥር ያሳዩአቸው፤ አፈሩን ማን ይዞ እንዳቆመው ይጠይቋቸው። ልጅ በእግሩ ያልረገጠውንና በእጁ ያልነካውን መሬት ሲያድግ ይጠብቃል ማለት ያስቸግራል። የስካገን ሰዎች የሣርን ዋጋ የተማሩት የቤተ ክርስቲያናቸውን በር በአካፋ ከቆፈሩ በኋላ ነው፤ የእኛ ልጆች ግን ሳይቆፍሩ እንዲማሩ ማድረግ በእኛ እጅ ነው።