ቪዮላ፣ ክላሪኔትና ፒያኖ በሸክላ ላይ



ስለ አውሮፓ ሙዚቃ ሲነሣ ወደ ብዙ ሰው ሐሳብ ቶሎ የሚመጣው ሰማንያና መቶ ሰው የሚሰለፍበት ኦርኬስትራ ነው። ዛሬ የምናወሳው ግን ከዚህ ፈጽሞ የተለየውን፣ ሦስት ሰዎች በአንድ ክፍል ተቀምጠው እንደሚነጋገሩ ሆነው የሚጫወቱትን ሙዚቃ ነው። ይህ ዓይነቱ ሙዚቃ ቀድሞ በቤት ውስጥ፣ በወዳጆች መካከል ይሰማ ስለ ነበረ የእልፍኝ ሙዚቃ ቢባል ይስማማዋል። ከእርሱም መርጠን የምንናገረው የሮማንቲክ ዘመን ደራስያን ለቪዮላ፣ ለትንፋሽ መሣሪያና ለፒያኖ ስለ ጻፏቸው ጥቂት ድርሰቶችና እነዚሁ ድርሰቶች በሸክላ ከተቀረጹ በኋላ ስላገኙት ዕድል ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ቪዮላ መልኩ ቫዮሊንን ይመስላል፤ እንደ ቫዮሊንም ከአገጭ ሥር ተይዞ በደጋን ይመታል። ነገር ግን የቫዮሊን አካል 36 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን የቪዮላው ብዙውን ጊዜ ከ40 ይበልጣል፤ አውታሮቹም አምስት ድምፅ ያህል ዝቅ ብለው ይቃኛሉ። ምሥጢሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ይህን ያህል ዝቅ ያለ ድምፅ በሚገባ ለማስተጋባት ሣጥኑ ከዚህ እጅግ መስፋት ነበረበት፤ ያን ያህል ቢሰፋ ግን የተጫዋቹ ክንድ አይደርስበትም። ስለዚህ ሣጥኑ ለድምፁ ጠባብ ሆኖ ቀረ። ከዚህም የተነሣ የቪዮላ ድምፅ እንደ ቫዮሊን የሚያበራ ሳይሆን ከመጋረጃ ጀርባ ሆኖ እንደሚናገር ሰው ጠቆርና ለስለስ ያለ ነው። ማሲንቆ ዝቅ ባለው ድምፁ በዝግታ ሲመታ የሰማ ሰው፣ ሁለቱ መሣሪያዎች ልዩ ልዩ ቢሆኑም፣ የምንለውን ለመገመት አይቸገርም።

ክላሪኔት የሠራዊት ባንድ ላየ ሰው እንግዳ አይደለም። ከእንጨት የተሠራ፣ በአንዲት ቀጭን የሸምበቆ ምላስ የሚነፋ መሣሪያ ነው። በአደባባይ ስንሰማው ጯሂ መስሎ ይታየናል፤ በእልፍኝ ሲነፋ ግን ከሹክሹክታ ተነሥቶ ወደ ሹክሹክታ ለመመለስ የሚችል ከእርሱ የተሻለ የትንፋሽ መሣሪያ የለም ለማለት እንደፍራለን። ደግሞም «ኤ» በሚባለው ቅኝት የሚሠራው ክላሪኔት የመጨረሻው ዝቅተኛ ድምፁ ከቪዮላው ዝቅተኛ ድምፅ የሚለየው በግማሽ ድምፅ ብቻ ነው። እንግዲህ አንዱ በትንፋሽ፣ ሌላው በደጋን የሚናገር ቢሆንም ሁለቱ መሣሪያዎች የአንድ ሰፈር ልጆች ናቸው። ደራሲው ይህን ዝምድና ካወቀበት እጅግ ያማረ ውይይት ያገኛል፤ ካላወቀበት ግን ሁለት ሰዎች በአንድ ድምፅ አብረው ሲናገሩ እንደሚሆነው ነገሩ ይደበላለቃል።

ይህን ዝምድና አስቀድሞ ያሳየው ከሮማንቲኮች በፊት የነበረው ሞዛርት ነው። በ1786 በቪየና ለክላሪኔት፣ ለቪዮላና ለፒያኖ አንድ ድርሰት ጻፈ። ክላሪኔቱን ወዳጁ አንቶን ሽታድለር፣ ፒያኖውን ተማሪው ፍራንሲስካ ፎን ዣክን ሲጫወቱ፣ እርሱ ራሱ በዘመኑ ከታወቁት የፒያኖ ሊቃውንት አንዱ ሆኖ ሳለ ቪዮላውን ያዘ። አሳታሚው ግን በ1788 ድርሰቱን ሲያትመው ለቫዮሊን፣ ለቪዮላና ለፒያኖ ብሎ ሰየመው፤ ክላሪኔቱን በምትክነት ብቻ ጠቀሰው። ክላሪኔት የሚጫወት ሰው በየቤቱ ስለማይገኝ ገዢ እንዳይጠፋ ፈርቶ ይመስላል።

ከዚያ በኋላ ለእነዚሁ ሦስት መሣሪያዎች ጎልቶ የሚጠራ ድርሰት እስኪገኝ ድረስ ሰባ ዓመት ያህል አለፈ። ሮበርት ሹማን በጥቅምት 1853 በዱሰልዶርፍ ከተማ «የተረት ትረካዎች» ብሎ የሰየማቸውን አራት አጫጭር ቁራጮች በጥቂት ቀኖች ውስጥ ጽፎ ጨረሰ። ያን ጊዜ ሃያ ዓመት የሆነው ዮሐንስ ብራምስ ገና ወደ ቤቱ መጥቶ ስለ ነበረ የሹማን መንፈስ ታድሶ ነበር። ደስታው ግን አልሰነበተም፤ በየካቲት 1854 አእምሮው ታውኮ ራሱን በራይን ወንዝ ውስጥ ወረወረ፤ ከሞት ቢያወጡትም የቀረውን ዕድሜ በእንደኒኽ የሕሙማን ቤት አሳልፎ በ1856 ዐረፈ።

ይህ ሐዘን በመጨረሻዎቹ ድርሰቶቹ ላይ ጥላውን ጣለ። በዚያው በ1853 የጻፈው የቫዮሊን ኮንሰርቶ የበሽታ ፍሬ ነው ተብሎ ተሰወረና እስከ 1937 ድረስ በአደባባይ ሳይሰማ ቀረ። ሚስቱ ክላራ ሹማን ራሷ በዚያው መከር ለሴሎና ለፒያኖ የጻፋቸውን አምስት ቁራጮች በ1893 አጠፋቻቸው። «የተረት ትረካዎች» በ1854 ታትሞ ስለ ነበረ ከጥፋት ዳነ፤ ከሐሜት ግን አልዳነም። የደከመ ሰው ሥራ ነው እየተባለ በኮንሰርት አዳራሽ የሚጫወተው ሰው አነስተኛ ነበር። ሦስተኛውን ቁራጭ የሰማ ሰው ግን ይህን ፍርድ ለመቀበል ያዳግተዋል። ፒያኖው ከሥር እንደ ምንጭ ውኃ ሲፈስ ክላሪኔቱና ቪዮላው አንዱን ዜማ ይቀባበሉታል፤ አንዱ ሲጀምር ሌላው ያዳምጣል፤ ማንም ማንንም አያቋርጥም። አእምሮው የተበታተነ ሰው እንዲህ ያለውን ሥርዓት ያሰናዳል ብለን ለማመን አንችልም።

ብራምስም በስተእርጅናው ወደዚሁ ድምፅ ተመለሰ። ድርሰት መጻፍ ሊተው ቆርጦ ሳለ በ1891 በማይኒንገን ከተማ ሪኻርድ ሙልፌልድ የተባለውን የክላሪኔት ተጫዋች ሰማና ሐሳቡን ለወጠ። በ1894 ለክላሪኔትና ለፒያኖ የጻፋቸውን ሁለት ሶናታዎች፣ ክላሪኔቱን ትቶ በቪዮላ ለመጫወት እንዲቻል አድርጎ ራሱ አሰናዳቸው። ዛሬ የቪዮላ ተማሪ ሁሉ የሚያውቃቸው ሥራዎች ከሆኑ ቆይተዋል።

በአሜሪካ የነበረው ቻርልስ ማርቲን ሎፍለር ደግሞ በ1898 ለድምፅ፣ ለክላሪኔት፣ ለቪዮላና ለፒያኖ መዝሙሮች ጽፎ ነበር። በዚያው ዓመት ሐምሌ 4 ቀን «ላ ቡርጎኝ» የምትባለው መርከብ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ሰጥማ ከ500 የሚበልጥ ሰው ሲያልቅ፣ የቦስተን ኦርኬስትራ ክላሪኔት ተጫዋች የነበረው ሌኦን ፑርቶ አብሮ ጠፋ። ሎፍለር በ1901 ከመዝሙሮቹ ሁለቱን እንደገና ሲያሰናዳ የሰውን ድምፅ አስቀርቶ፣ ክላሪኔቱን በኦቦ ተካው።

አሁን ወደ ማክስ ብሩኽ እንለፍ። ብሩኽ በ1866 ለመጀመሪያ ጊዜ በተሰማው የቫዮሊን ኮንሰርቶ ስሙ በዓለም የታወቀ ሰው ነው፤ ነገር ግን ያን ድርሰት ለአሳታሚ በአንድ ጊዜ ዋጋ ስለ ሸጠው ከዝናው እንጂ ከገንዘቡ አልተካፈለም። በ1910 ዕድሜው 72 ሲሆን ለክላሪኔት፣ ለቪዮላና ለፒያኖ ስምንት ቁራጮችን አሳተመ። የጻፋቸው ማክስ ፊሊክስ ለሚባለው ክላሪኔት ተጫዋች ልጁ ነው። ብራምስን ያነቃቃው ሙልፌልድ በማይኒንገን ሲጫወት ኦርኬስትራውን ይመራ የነበረው ፍሪትዝ ሽታይንባኽ ይህን ወጣት ሰምቶ ከሙልፌልድ ጋር እስከ ማወዳደር ደርሶ ነበር። ለአባት ከዚህ የሚበልጥ ምን ደስታ ይኖራል?

ነገር ግን ዘመኑ ለሽማግሌው አልሆነለትም። በዚያው በ1910 የስትራቪንስኪ «የእሳት ወፍ» በፓሪስ ታየ፤ ሾንበርግም የቀድሞውን የሙዚቃ ሥርዓት ትቶ ነበር። የብሩኽ ስምንት ቁራጮች በዚያ ሁከት መካከል ከሃምሳ ዓመት በፊት የተጻፉ መስለው ታዩ። ከስምንቱ ሰባቱ ሐዘን በሚቀናው፣ የሙዚቃ ሰዎች ማይነር በሚሉት ስልት ናቸው። አምስተኛው «የሩማኒያ ዜማ»፣ ስድስተኛው «የሌሊት ዝማሬ» ይባላሉ። ሰባተኛው ብቻ ብሩህና ፈጣን ሆኖ በሦስት ደቂቃ ያህል ያልቃል።

እንግዲህ እነዚህን ዓይናፋር ድምፆች ከመረሳት በማውጣት ሸክላ ትልቅ ድርሻ አለው ብለን እናምናለን። የመጀመሪያው የሸክላ ዘመን ግን ለቪዮላ ጠላት ነበር። እስከ 1925 ድረስ ተጫዋቾች የሚቀረጹት በአንድ ትልቅ የብረት ቀንድ ፊት ተጨናንቀው በመቆም ነበር፤ መርፌውን የሚያንቀሳቅሰው የድምፁ ኃይል ብቻ ስለ ሆነ የትንፋሽ መሣሪያ በደህና ሲገባ የአውታር መሣሪያ ይጠፋ ነበር። ስትሮ የተባለ መሐንዲስ በ1899 የቫዮሊንን ሣጥን አስወግዶ በምትኩ የብረት ቀንድ እስከ መግጠም የደረሰው በዚህ ችግር ነው።

በ1925 በማይክሮፎንና በኤሌክትሪክ መቅረጽ ሲጀመር ቪዮላ አፉን ከፈተ። የስኮትላንዱ ተወላጅ ዊልያም ፕሪምሮዝ ሁለተኛውን የብራምስ ሶናታ ከጀራልድ ሙር ጋር በ1937፣ አንደኛውን ከዊልያም ካፔል ጋር በ1946 ቀረጸ። በደቂቃ 78 ጊዜ የሚሽከረከረው ሸክላ በአንድ ገጹ ከአራት እስከ አምስት ደቂቃ ያህል ብቻ ስለሚይዝ ሃያ ደቂቃ የሚሆነውን ሶናታ የሚያዳምጥ ሰው አምስት ጊዜ ያህል ሸክላ መገልበጥና መለወጥ ነበረበት። ሆኖም የፕሪምሮዝ ድምፅ ከዚያ ሁሉ የመርፌ ጭረት በላይ ይሰማል፤ አንደኛውን ሶናታ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ዛሬም ከእርሱና ከካፔል ቢጀምር አይጸጸትም።

ረጅሙ ሸክላ በ1948፣ ሲዲ ደግሞ በ1982 ወጡ። በዚህ ጊዜ አንድ እንግዳ ነገር ሆነ። የሞዛርት ድርሰት ሃያ ደቂቃ፣ የሹማን አሥራ አምስት፣ የብሩኽ ሠላሳ አምስት ያህል ይወስዳል፤ ሦስቱ ሲደመሩ ሰባ ደቂቃ ነው፤ አንድ ሲዲም 74 ደቂቃ ያህል ይይዛል። በመቶ ሃያ አራት ዓመት ውስጥ የተጻፉት ሦስት ድርሰቶች በአንድ ዕቃ ልክ የተቈረጡ ይመስል አያሌ ተጫዋቾች ሦስቱን ባንድነት ቀረጿቸው። በኮንሰርት አዳራሽ በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ለመስማት የሚያስቸግር ሙዚቃ በዚህ መንገድ ወደ ብዙ ቤት ገባ።

ትርፉ እንዲህ ያለ ሲሆን ጕዳትም አልጠፋውም። ብሩኽ ስምንቱ ቁራጮች በአንድ ኮንሰርት በተከታታይ እንዳይጫወቱ ይመክር ነበር፤ ሲዲው ግን ስምንቱንም ከአንድ እስከ ስምንት ይደረድራቸዋል። እውነቱን ለመናገር፣ ሠላሳ አምስት ደቂቃ ሙሉ አንድ ዓይነት ሐዘን የተቀመጠለት አድማጭ አምስተኛው ላይ ሲደርስ ይታክታል፤ ታክቶም ብሩኽን አሰልቺ ነው ይላል። አሰልቺ የሆነው ግን የአቀራረቡ ሥርዓት ነው እንጂ ድርሰቱ አይደለም።

ሁለተኛው ነገር የሚዛን ጕዳይ ነው። የዛሬው ትልቅ ፒያኖ ሹማን ከሚያውቀው ፒያኖ ይልቅ እጅግ ኃይለኛ ነው። በአዳራሽ ፒያኖ ተጫዋቹ ጥቂት ቢጫን ቪዮላው ይሰጥማል። ድምፅ ቀራጩ ማይክሮፎን ወደ ቪዮላው በማስጠጋት ይህን ያቃናል፤ እጅግ ሲያስጠጋው ግን የክላሪኔቱ ቁልፎች ሲንኳኩና ደጋኑ ሲፋቅ ከዜማው እኩል ይሰማሉ። መልካሙን ቀረጻ ለመለየት የሹማንን ሦስተኛ ቁራጭ መፈተኛ ማድረግ ይቻላል። ዜማው ከክላሪኔት ወደ ቪዮላ ሲሻገር ማን እንደ ያዘው ከተለየ፣ ነገር ግን ሦስቱ በአንድ ክፍል ውስጥ መሆናቸው ካልተረሳ፣ ቀራጩ ሥራውን ያውቃል ማለት ነው። በ1995 የወጣው የኪም ካሽካሺያን፣ የኤድዋርድ ብሩነርና የሮበርት ሌቪን ቀረጻ በእኛ ግምት ይህን ፈተና ያልፋል። በዚሁ ሲዲ ላይ የሀንጋሪው ጆርጅ ኩርታግ በ1990 ለሹማን መታሰቢያ የፈጸመው፣ ለእነዚያው ሦስት መሣሪያዎች የተጻፈ ድርሰት አብሮ አለ፤ በመጨረሻው ላይ ክላሪኔት ተጫዋቹ ትልቅ ከበሮ አንድ ጊዜ ቀስ ብሎ ይመታል።

ዛሬ እነዚህን ቀረጻዎች በእጅ ስልክ እንኳ ለመስማት ስለሚቻል የብሩኽን ምክር መፈጸም ቀላል ሆኗል። ከቢሮ መልስ፣ ጫማ አውልቆ ዐረፍ ባሉበት ሰዓት፣ «የሌሊት ዝማሬ»ን መጀመሪያ፣ ብሩሁን ሰባተኛ ቁራጭ ከእርሱ ቀጥሎ ማድመጥ ይበቃል። የቀሩት ስድስቱ ለሌሎች ምሽቶች ይቈዩ።