የአዲጌዎች ጥሩርና የቀጥቃጩ ክብር

ከታቦር ተራራ አጠገብ ክፋር ታቦርን አልፋችሁ ወደ ኪኔሬት ስትወርዱ ክፋር ካማ የምትባል መንደር ታገኛላችሁ። ነዋሪዎቿ ዐረቦች ይመስሏችሁ ይሆናል። አይደሉም። ሃይማኖታቸው እስልምና ነው፤ የመጡት ግን ከካውካሰስ ተራሮች ነው። በዕብራይስጥ ቼርኬሲም ይባላሉ፤ ራሳቸውን አዲጌ ብለው ይጠራሉ። ሩሲያ በ1864 አገራቸውን ድል አድርጋ ስትይዝ አብዛኞቹ ወደ ቱርክ ግዛት ተሰደዱ። ክፋር ካማ በ1876፣ በላይኛው ገሊል ያለችው ሬሃንያ በ1878 ተቆረቆሩ። ወንዶቻቸው ከ1958 ጀምሮ እንደ እኛ ልጆች በግዴታ በጦር ሠራዊቱ ያገለግላሉ።

ዛሬ የምናወጋችሁ ስለ አንድ የጥንት የእጅ ሥራቸው ነው፤ ስለ ጥሩር። ዳዊት ጎልያድን ሊገጥም ሲወጣ ሳኦል ያለበሰውን ታስታውሳላችሁ። በዕብራይስጥ ሺርዮን ይባላል፤ ወታደር ልጅ ያላችሁ ስለ ታንከኞቹ ሲያወራ ይህንኑ ቃል ትሰማላችሁ። የጎልያድ ጥሩር እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረበ ነሐስ ነበር። የአዲጌዎቹ ግን ከቀለበት የተሠራ የብረት ሸሚዝ ነው።

አሠራሩ ትዕግሥት የሚጨርስ ነው። ብረቱ በመጀመሪያ እየጠበቡ በሚሄዱ ቀዳዳዎች ተጎትቶ ሽቦ ይሆናል። ሽቦው በቀጭን ዘንግ ላይ እንደ ሞላ ይጠመጠምና ይቆረጣል፤ ያን ጊዜ እያንዳንዱ ዙር አንድ ክፍት ቀለበት ይሆናል። የቀለበቱ ሁለት ጫፎች ተደራርበው በመዶሻ ይሳሳሉ፣ ይበሳሉ። ቀለበቱ በአራት ሌሎች ቀለበቶች ውስጥ ካለፈ በኋላ በቀዳዳው ትንሽ ሚስማር ገብቶ ይቀጠቀጣል። ከዚያ ወዲያ አይፈታም። ለአንድ ሸሚዝ እንዲህ ያለ ቀለበት በአሥር ሺዎች ያስፈልጋል። አንዱ ሚስማር ከላላ የጦር ጫፍ የሚገባው በዚያ ነው፤ ስለዚህ ጦረኛው ሕይወቱን የሚያምነው ለቀጥቃጩ እጅ ነበር።

ጥሩር የሚለብሱት መሳፍንትና መኳንንት እንጂ ሁሉም አልነበሩም። ጠመንጃ ከመጣ በኋላም ቶሎ አልተዉትም፤ በ1828 ለሩሲያ ንጉሥ አጃቢነት የተመረጡ የካውካሰስ ፈረሰኞች እንኳ ለሰልፍ ጥሩር ይለብሱ ነበር። በኋላ ግን ጥይት መያዣው ደረቱ ላይ የተሰፋለት ረጅም ካፖርት ቦታውን ወሰደ። ያንን ልብስ ዛሬም ሲጨፍሩ ታዩባቸዋላችሁ።

እኛን የገረመን ግን ቀጥቃጩ ነው። በጎንደር በኩል ለገበሬው ማረሻውንና ማጭዱን የሚሠራለት የእኛ አባት ነበር። ገበሬው ማረሻውን ቀን ይወስዳል፤ ሲመሽ ደግሞ «ቡዳ ነው፣ ጅብ ሆኖ ይሄዳል» ይላል። እዚህ ከመጣን በኋላ እንኳ አባቱ ቀጥቃጭ እንደነበረ ለጓደኛው መናገር የሚያፍር ልጅ አለ።

አዲጌዎች ናርት በሚሏቸው የጥንት ጀግኖች ተረት ውስጥ ግን ከተከበሩት አንዱ ቀጥቃጩ ትሌፕሽ ነው። እንደ ፍም የሚያቃጥለውን ሕፃን ሶስሩቆን እግሩን በጉጠት ይዞ ሰባት ጊዜ ውሃ ውስጥ ነከረው፤ ገላው ብረት ሆነ። ጉጠቱ የያዘው ቦታ ብቻ ሥጋ ሆኖ ቀረ፤ ጠላቶቹም በኋላ ያሸነፉት በዚያው በኩል ነው።

ነገሩ ተረት ብቻ አይደለም። በድሮው ልማዳቸው አጥንቱ የተሰበረ ወይም የቆሰለ ሰው ሲተኛ አልጋው አጠገብ ማረሻና መዶሻ ይቀመጥለት ነበር። ሊጠይቀው የመጣ ሰው ማረሻውን በመዶሻ ይመታል። ወጣቶች እንቅልፍ እንዳይወስደው ሌሊቱን ይዘፍኑለታል፤ በዘፈኑም ትሌፕሽን ይጠራሉ። በእኛ አገር ሰው ሲታመም «ቀጥቃጩ በላው» ይባል ነበር። እነሱ ዘንድ ለታመመው የቀጥቃጩ መዶሻ ይመጣለት ነበር።

ልጆች፣ ቤት ውስጥ ቀጭን ሽቦና ፒንሳ ካለ በእርሳስ ላይ ጠምጥማችሁ አምስት ቀለበት ቁረጡ። አራቱን በአንዱ ውስጥ አስገቡና ግጠሙ፤ ጥሩር የሚጀመረው እንዲህ ነው። ጫፉ አልገጥም ካላችሁ አያታችሁን ጥሩ፤ ወናፍ ነፍቶ ያደገ ሰው እንዴት እንደሚያዝ ያሳያችኋል።