ቲሸርቱን ተዉትና ላቡን አስከፍቱ

ሰሞኑን አንድ ፕሮፖዛል ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጧል። ያመጡት ተማሪዎች ጎበዞች ናቸው፣ ሐሳባቸውም አይከፋም፦ ኦንላይን ኮርስ ወስደው የተማሩትን በአቅራቢያቸው ላሉ የሁለተኛ ደረጃ ልጆች ማካፈል ነው። ደስ ብሎኝ ሳነብ ቆይቼ በጀቱ ጋ ስደርስ ደሜ ፈላ። ቲሸርት፣ ባነር፣ የመክፈቻ ቀን መስተንግዶ፣ ለክብር እንግዳ ስጦታ፣ የፎቶና የቪዲዮ ባለሙያ። ለዳታ ዜሮ፣ ለፍላሽ ዜሮ። ልጆቹ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሚማሩ የሚናገር አንድ መስመር የለም። "ዘላቂነትን የማረጋገጫ ስልት" የሚል ግን ሁለት ገጽ ሙሉ ተጽፏል። ያንን የጻፈው ማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ቻት ጂፒቲ ነው።

እንዲህ ያለ ፕሮፖዛል ከየት እንደተማሩ ስጠይቃቸው አንድ የቴሌግራም ቻናል አሳዩኝ። በሁለት ሰዓት ኮርስ "የማኅበረሰብ ፕሮጀክት መሪ" ያደርጋል። ክፍያው በቴሌብር ነው፣ ሰርተፊኬቱ እዚያው በዚያው ይላካል። ከሥሩ ደግሞ ይህ ሰርተፊኬት የሌለው ተማሪ የውጭ ስኮላርሺፕ አያገኝም፣ ያለ ሕጋዊ ፈቃድም ፕሮጀክት መጀመር ወንጀል ነው ብሎ ያስፈራራል። ሁለቱም ወሬ ነው። የማውቃቸው የስኮላርሺፕ ማመልከቻዎች የሚጠይቁት ምን እንደሠራችሁ፣ ለማን እንደሠራችሁና ምን እንደተለወጠ ነው። በትምህርት ቤት ወይም በዩኒቨርሲቲ ክበብ ሥር ሆናችሁ ልጆች ስታስጠኑም ድርጅት አላቋቋማችሁም፤ የምትገቡበትን ትምህርት ቤት ፈቃድ ጠይቁ፣ ይበቃችኋል። እንግዲህ ገንዘብ ሳትከፍሉ ስሙኝ።

1. ኮርስ ከመምረጣችሁ በፊት ትምህርት ቤቱ ሂዱና ጠይቁ። ምሳሌ ልስጣችሁ። ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወረቀቱ ጎን ለጎን ለተወሰኑ ተማሪዎች በኦንላይን ይሰጣል። ልጁ ፊዚክሱን ያውቀዋል፣ ማውዝ ግን ይዞ አያውቅም እንበል። የይለፍ ቃሉን ሲያስገባ ካፕስ ሎክ በርቶ ይቆየዋል፣ ማሽኑ አልቀበልም ሲለው ይደነግጣል። ምንባቡን ወደ ታች መሳብ እንዳለበት ስለማያውቅ ግማሹ የተቆረጠበት ይመስለዋል። አንድ መልስ መርጦ ወደሚቀጥለው ሲሻገር የመጀመሪያው ጠፋብኝ ብሎ ይመለሳል፣ ሰዓቱ ይሄዳል። የ2014 ዓ.ምን ፈተና ከወሰዱት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ታስታውሳላችሁ። ያኔ ፈተናው በወረቀት ነበርና ኮምፒውተርን አንከስም። በዚያ ላይ ግን የማውዝ ፍርሃት ሲጨመርበት አስቡት። ይህን ፍርሃት የአንድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጥቂት የቅዳሜ ጠዋቶች ያስወግዱታል። ፕሮጀክት ማለት ይኸው ነው።

2. ኦንላይን የምትማሩት ለዚያ ችግር የጎደላችሁን ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር የተጀመረውን የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ውሰዱ፣ ነጻ ነው፣ ጥሩም ነው። ፕሮግራሚንግ ታገኛላችሁ፣ ዳታ ሳይንስ ታገኛላችሁ፣ አንድሮይድ ታገኛላችሁ። ነገር ግን አንድሮይድ ስለጨረሳችሁ ብቻ ማውዝ ነክቶ የማያውቅን ልጅ ሳታሸማቅቁ ማስተማር ትችላላችሁ ማለት አይደለም። ለትምህርት ቤት የኮምፒውተር ላብ ፕሮጀክት የሚያስፈልጋችሁ ሌላ ነው፦ ኮምፒውተሮችን ያለ ኢንተርኔት እርስ በርስ ማገናኘት፣ መለማመጃ ፈተና ማዘጋጀት፣ ያረጀ ማሽን ላይ ቀለል ያለ ሊኑክስ መጫን። ሁሉም ዩቲዩብ ላይ በነጻ አለ። በምትማሩበት ሳምንት እዚያው ላብ ውስጥ ሞክሩት፣ ያለበለዚያ በወሩ ትረሱታላችሁ።

3. "ኢንተርኔት የለም" ሰበብ አይሆንም። ኮሊብሪ የሚባል ነጻ ሶፍትዌር አለ፣ ለርኒንግ ኢኳሊቲ የተባለ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት የሠራው። ኢንተርኔት ባለበት ቦታ አንድ ኮምፒውተር ላይ ትምህርቶቹን ታወርዳላችሁ፣ የካን አካዳሚ ቪዲዮዎችና መልመጃዎች ጭምር። ከዚያ ማሽኑን ተሸክማችሁ ትምህርት ቤቱ ትገባላችሁ። የላቡ ኮምፒውተሮች በኬብል ወይም በራውተር ከዚያች ማሽን ጋር ይገናኛሉ፣ ልጆቹ ብራውዘር ከፍተው ይማራሉ፣ ከውጭ አንድ ሜጋ ባይት አይገባም። አንድ ቪዲዮ በ30 ስልክ 30 ጊዜ ከሚወርድ አንዴ ወርዶ 30 ልጅ ቢያየው አይሻልም? (አይፒ አድራሻ እንዴት እንደሚሰጥ አልጽፍም፣ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ሆኖ ያንን የሚጠይቀኝ ካለ ስልኬን አላነሳም።) ጠቃሚ ሆኖ ያገኘሁት አብዛኛው ይዘት በእንግሊዝኛ ነው፣ እናንተ የምትፈለጉትም ለዚህ ነው። ቪዲዮውን አቁማችሁ በልጁ ቋንቋ ታስረዳላችሁ፣ ከዚያ ታስቀጥላላችሁ። ቪዲዮ ከፍቶ ስልኩን እየነካካ ጥግ ይዞ የሚቀመጥ በጎ ፈቃደኛ ካለ ወደ ቤቱ ላኩት።

አሁን ወደ ቲሸርቱ ልመለስ፣ አልወጣልኝምና።

"የፕሮጀክት ማስጀመሪያ" የሚባለውን ቅዳሜ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የክብር እንግዳው ለሦስት ሰዓት ተጠርቶ አምስት ሰዓት ይመጣል። ልጆቹ ባነር ይዘው ፀሐይ ላይ ይቆማሉ። ንግግር፣ ከዚያ ንግግር፣ ከዚያ የምስጋና ንግግር። ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሳል። ይባስ ብሎ ለበጎ ፈቃደኞቹ በዚያው ቀን ሰርተፊኬት ይታደላል፤ አንድ ክፍለ ጊዜ ሳያስተምሩ! በሚቀጥለው ቅዳሜ ከቲሸርት ለባሾቹ ግማሹ አይመጣም። ምን ብሎ ይመጣል? የሚፈልገውን ወስዷል። በሦስተኛው ቅዳሜ የላቡ ቁልፍ ያለው ሰውዬ ስልክ አያነሳም፣ ማስጀመሪያውም በዚያው መዝጊያ ሆኖ ይቀራል። የልጆቹን ፊት ግን ማንም አያይም። ኮምፒውተር እንማራለን ብለው ለጓደኛ ነግረው፣ ከቤት ሥራ ለመውጣት ተሟግተው የመጡ ልጆች ናቸው። ከእናንተ ቀጥሎ ለሚመጣው ቡድን ማን በሩን የሚከፍትለት ይመስላችኋል?

ሰርተፊኬት ማተም ካማራችሁ መጨረሻ ላይ አትሙ፣ ሁሉንም ክፍለ ጊዜ ለተገኘ ብቻ። የቲሸርቱን ገንዘብ ለፍላሽ፣ ለኬብል፣ ለማከፋፈያ ሶኬት አውሉት።

ለነገሩ ይህ ሥራ በእኛ አገር አዲስ አይደለም። በ1950ዎቹ መጨረሻ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ወርዶ ያገለግል ነበር፣ አብዛኛውም ያስተምር ነበር። ሐምሌ 1971 ዓ.ም የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም የቆመው ብዙውን በተማሪና በመምህር ጉልበት ሲሆን ኋላ ላይ በ15 ቋንቋ አስተምሯል። ፖለቲካውን ለታሪክ ሰዎች እተወዋለሁ። እኔ የምለው የጥቁር ሰሌዳና የጠመኔ ዘመን ተማሪ ያለ ድሮን ካሜራ አስተምሯል ነው።

ተማሪዎቹን ብቻ ብወቅስ ግን ግፍ ይሆንብኛል። ያስተማርናቸው እኛው ነን። በአዋጅ ቁጥር 1152/2011 የማኅበረሰብ አገልግሎት ከመማር ማስተማርና ከምርምር ጎን ለጎን የዩኒቨርሲቲ ሥራ ነው። በተግባር ግን የሩብ ዓመት ሪፖርት ቅጽ ሆኗል። ቅጹ የሚጠይቀው የተጠቃሚ ብዛት ነው፦ ወንድ፣ ሴት፣ ድምር፣ ፎቶ ይያያዝ። ልጆቹ ዛሬ ምን ማድረግ ቻሉ የሚል ሳጥን የለውም። ስለዚህ 300 ልጅ አዳራሽ ሰብስቦ አንድ ሰዓት የለፈለፈ 300 ተጠቃሚ ያስመዘግባል። አንዲት ተማሪ 12 ልጅ ይዛ ሙሉ ሴሚስተር ብትለፋ 12 ትጽፋለች፣ አፈጻጸሟም ዝቅተኛ ይባላል። ከዚያ ስብሰባ ላይ የወጣቱ የአገልግሎት መንፈስ ተዳከመ ብለን እንነጫነጫለን።

የተቆለፈው ላብስ? ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ትምህርት ቤት ገብቼ ፕላስቲኩ ከስክሪኑ ያልተላቀቀ ኮምፒውተር አይቻለሁ። በእርዳታ መጥቶ በንብረት መቀበያው ቅጽ በሞዴል 19 ገብቷል፣ በማውጫው በሞዴል 22 ግን አይወጣም። ለምን ስትሉ "ቢሰበር ማን ይጠየቃል?" ትባላላችሁ። በነገራችን ላይ የንብረት ክፍሉ ሰውዬ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ንብረት ሲጠፋ ከደመወዙ የሚቆረጥበት እሱ ነው፣ ልጆች ሳይማሩ ሲቀሩ ግን ከማንም ደመወዝ አይቆረጥም።

ስለዚህ የላብ ቁልፍ የምታገኙበትን መንገድ ልንገራችሁ፣ ይህን የትኛውም ኮርስ አያስተምራችሁም። ደብዳቤ ይዛችሁ ወደ ዳይሬክተሩ ከመሮጣችሁ በፊት የአይሲቲ መምህሩን ወይም መምህርቷን አግኙ። ከላቡ ውስጥ የሞቱ ማሽኖችን ጠይቁና ሁለት ሦስቱን አስነሱ። ብዙ ጊዜ ችግሩ አቧራ፣ የላላ ራም ወይም የተበላሸ ዊንዶውስ ነው። የሞተ ኮምፒውተር ያስነሳን ልጅ ማንም "ትሰብራለህ" አይለውም። ከዚያ የማሽኖቹን ዝርዝር አዘጋጁ፣ ስትገቡና ስትወጡ ከእናንተ ሁለት ሰው ይፈርም። ንብረት ክፍሉ የሚፈልገው ፊርማ ነው፣ ስጡት። የቀረውን ደብዳቤ ያገኛችኋቸው መምህር ያስጽፉላችኋል። መብራት ስለሚጠፋም ያለ ኮምፒውተር የምታስተምሩት አንድ ትምህርት በወረቀት አዘጋጅታችሁ ያዙ፣ "መብራት የለም" ብላችሁ ልጆቹን አትመልሱ።

ሌላው የሕፃናት ፎቶ ነው። የደሃ ልጅ የተቀደደ ጫማ በቅርብ አንስቶ "ተስፋ ሰጠናቸው" ብሎ ቴሌግራም ላይ መለጠፍ ነውር ነው። ነውርነቱ ይቅር ቢባል እንኳ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሚባል ሕግ አለ። የወላጅ ፈቃድ ሳትይዙ የልጅ ፊት፣ ስምና ትምህርት ቤት አንድ ላይ አትለጥፉ። ውጤታቸውን በኤክሴል አድርጋችሁ ግሩፕ ላይ መወርወርም ያው ነው።

ለሪፖርታችሁ በመጀመሪያው ቀን እያንዳንዱ ልጅ መለማመጃ ፈተናው ውስጥ ገብቶ አሥር ጥያቄ ለመመለስ ስንት ደቂቃ እንደፈጀበት መዝግቡ። በመጨረሻው ቀን ያንኑ ድገሙት። ሁለቱን ቁጥር ጎን ለጎን አድርጋችሁ አስገቡ። "ፎቶ ግዴታ ነው" የሚል ቢሮ ካጋጠማችሁ የመገኘት መዝገቡን ስሞቹን ሸፍናችሁ ፎቶ አንሱና ላኩለት።