ከምጣኔ ሀብት ጥናት ወደ ግብይት ወለል

የምጣኔ ሀብት ትምህርት ነጋዴ ለማውጣት ታስቦ የተቀረጸ ትምህርት አይደለም። የሒሳብ መዝገብ አያያዝም ሆነ የሠራተኛ አስተዳደር በዋናነት የሚሰጠው በሌሎች የትምህርት ክፍሎች ሲሆን፣ የምጣኔ ሀብት ተማሪ አብዛኛውን ጊዜውን የሚያሳልፈው ዋጋ በምን ምክንያት እንደሚወጣና እንደሚወርድ፣ ሰዎችም አንዱን ትተው ሌላውን ለምን እንደሚመርጡ በመመርመር ነው። ይሁንና ከዚህ ሙያ ተነሥተው ድርጅት ያቋቋሙ ሰዎች ሥራ በጥሞና ሲታይ፣ ከሌላው ነጋዴ የሚለያቸው ሁለቱንም ወገን ሊጠቅም እየቻለ የማይካሄድን ግብይት ለይተው ማየታቸውና እንቅፋቱ ምን እንደሆነ መጠየቃቸው ሆኖ ይገኛል።

ለዚህ ጥያቄ መሠረት ከጣሉት ሊቃውንት አንዱ እንግሊዛዊው ሮናልድ ኮዝ ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1937 ባወጡት ጽሑፍ በገበያ መገበያየት ራሱ ወጪ እንዳለው አስረድተዋል። የግብይት ወጪ የሚባለው ይህ ወጪ ከዕቃው ዋጋ በተጨማሪ ሻጭና ገዢ ለመፈላለግ፣ ለመደራደር፣ ጥራትን ለማረጋገጥና ውል እንዲከበር ለማድረግ የሚያጠፉት ጊዜና ገንዘብ ነው። አሜሪካዊው ጆርጅ አከርሎፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1970 ያገለገሉ መኪኖችን ገበያ ምሳሌ አድርገው፣ ሻጭ የሚያውቀውን ጉድለት ገዢ ማወቅ በማይችልበት ጊዜ ገዢው ሁሉንም መኪና በጥርጣሬ ዋጋ ስለሚገምት፣ ደኅና መኪና የያዘው ሰው ከገበያው እንደሚወጣ አሳይተዋል። ሁለቱም በየጊዜያቸው በእነዚህ ሥራዎቻቸው የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል።

እነዚህ ሐሳቦች በኢትዮጵያ የእህል ገበያ ላይ ሥጋ ለብሰው የታዩት በዶክተር እሌኒ ገብረ መድኅን ሥራ ነው። እሌኒ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት ዲግሪያቸው የኢትዮጵያን የእህል ንግድና በውስጡ ደላሎች ያላቸውን ሚና አጥንተዋል። ከክፍለ አገር እህል የሚልክ ነጋዴ አዲስ አበባ ያለውን ገዢ ስለማያውቅ፣ ገዢውም እህሉን በዓይኑ ሳያይና በእጁ ሳይዘግን ስለማያምን፣ በመካከላቸው የሚቆመው ደላላ የሚሸጠው በዋነኛነት ስሙንና ታማኝነቱን ነበር። ደላላን እንደ ጥገኛ መቁጠር በአገሩ የተለመደ ቢሆንም፣ እንዲህ ባለ ገበያ ውስጥ የሚሠራው ሥራ እውነተኛ ሥራ መሆኑን መካድ አይቻልም፤ ችግሩ አንድ ደላላ የሚያውቀው ሰውም ሆነ የሚሸፍነው አካባቢ ውስን መሆኑ ነው። በ1994 ዓ.ም. አካባቢ በቆሎ ተትረፍርፎ ዋጋው ክፉኛ ከወደቀ በኋላ በተከተለው ድርቅ ከ13 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ እርዳታ ጠባቂ መሆኑ፣ ችግሩ ከማሳው ባሻገር በገበያው ውስጥም እንዳለ የሚያመለክት ነበር።

በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውና እሌኒ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በዋና ሥራ አስፈጻሚነት የመሩት የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ለእያንዳንዱ የግብይት ወጪ ምላሽ ለመስጠት የተዋቀረ ነው። አቅራቢው ምርቱን መጋዘን ያስገባል፣ ናሙና ተወስዶ ደረጃ ይወጣለታል፣ ተመዝኖም የመጋዘን ደረሰኝ ይሰጠዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚሸጠውና የሚገዛው (ቀድሞ በአዲስ አበባ የግብይት ወለል ላይ) ይኸው ደረሰኝ በመሆኑ፣ ገዢው እህሉን መዝገን አያስፈልገውም። ክፍያው በማግስቱ ለሻጩ እንዲገባ መደረጉ የውል ማፍረስን ስጋት ሲቀንስ፣ ዋጋው በክልል ከተሞች በተተከሉ ሰሌዳዎችና በስልክ መሠራጨቱ ደግሞ ገበሬው ሳያውቅ የሚሸጥበትን አጋጣሚ ያጠብባል። ተቋሙ ገቢ የሚያገኘው ከአባልነት፣ ከግብይትና ከመጋዘን አገልግሎት ክፍያ ሲሆን፣ ይህም ቀድሞ ደላላው በግል ስሙ ይሸጠው የነበረውን እምነት በተቋም ስም እንደ መሸጥ ይቆጠራል።

ነገር ግን ንድፈ ሐሳቡ ያላየው ጎን ነበረ። በምርት ገበያው የሚሸጠው ቡና በአካባቢና በደረጃ ተመድቦ ሲቀላቀል ግብይቱ ቢቀላጠፍም፣ ቡናው ከየትኛው ማጠቢያ ጣቢያ እንደመጣ ለማወቅ ከፍ ያለ ዋጋ ለመክፈል ዝግጁ የሆኑት የውጭ ገዢዎች የሚፈልጉት መረጃ አብሮ ይጠፋ ነበር። ቅሬታው ለዓመታት ሲሰማ ቆይቶ በ2009 ዓ.ም. የወጣው የቡና ግብይት አዋጅ ከምርት ገበያው ውጭ ለሚደረግ ቀጥተኛ ሽያጭ በር ከፍቷል። በተጨማሪም ምርት ገበያው በአዋጅ የተቋቋመና ቡናም በሕግ ወደ እርሱ እንዲመጣ የተደረገ ስለነበር፣ ስኬቱን በነፃ ውድድር ከተገኘ ስኬት ጋር አንድ አድርጎ መመዘን ትክክል አይሆንም። እሌኒ ከዚያ ከለቀቁ በኋላ በሌሎች የአፍሪካ አገሮች ተመሳሳይ ገበያ ለማቋቋም ያለመ የግል ኩባንያ፣ ቀጥሎም በአዲስ አበባ ጀማሪ የግብርና ንግዶችን ለመደገፍ የታሰበውን ብሉሙንን መሥርተዋል፤ ከንግድ ፈተና አንጻር የሚመዘኑትም ይበልጡን እነዚህ ናቸው።

ከዚህ ጋር የሚቀራረብ መንገድ የሄዱት የስታንፎርዱ ፖል ሚልግሮም ናቸው። የጨረታን ሥርዓት ያጠኑት እኒህ ምሁር የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1994 የሬዲዮ ሞገድን ለስልክ ኩባንያዎች የሸጠበትን የጨረታ ደንብ ከነደፉት አንዱ ሲሆኑ፣ በኋላ ኦክሽኖሚክስ የተባለውን አማካሪ ድርጅት በማቋቋም ዕውቀታቸውን ለገበያ አቅርበዋል።

ገበያ መንደፍ የጥቂቶች ዕጣ ቢሆንም፣ ከዚሁ ትምህርት ለማንኛውም ነጋዴ የሚበቃ መሣሪያ አለ፤ እርሱም የአማራጭ ወጪ ነው። የአማራጭ ወጪ ማለት አንድ ሰው አንዱን ሥራ በመምረጡ ምክንያት የሚያጣው የሌላው ሥራ ጥቅም ሲሆን፣ ከኪስ ስለማይወጣ በሒሳብ መዝገብ ላይ አይጻፍም። ለምሳሌ በገዛ ቤቱ ዳቦ ቤት የከፈተ ሰው የዱቄትና የመብራት ወጪውን ቀንሶ በወር 12,000 ብር ቢተርፈው አተረፍኩ ይላል፤ ሆኖም ያንኑ ቤት በ9,000 ብር ማከራየት፣ ራሱም ተቀጥሮ 8,000 ብር ማግኘት የሚችል ከሆነ፣ ዳቦ ቤቱ በየወሩ 5,000 ብር እያሳጣው ነው።