ከተጣለ ማግኔት ውስጥ

ብርቅዬ የምድር ንጥረ ነገሮች የሚባሉት 17 ብረቶች ናቸው፤ 15ቱ ላንታናይዶች ሲሆኑ ስካንዲየምና ኢትሪየም ይጨመሩባቸዋል። በመጠን ረገድ አብዛኞቹ ያን ያህል ብርቅ አይደሉም፤ ሴሪየም በምድር ቅርፊት ውስጥ ከመዳብ የማይተናነስ ክምችት አለው። አስቸጋሪው ነገር ተበታትነው መገኘታቸው ነው። ከዚያም በላይ በኬሚካዊ ባሕርያቸው እጅግ ስለሚመሳሰሉ አንዱን ከሌላው መለየት ብዙ ድካም ይጠይቃል። ይኸው ጣጣ ማዕድኖቹን ከቆሻሻ መልሶ ለማውጣት የሚሞክረውንም ይከተለዋል።

በኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ውስጥ ዋነኛው መገኛቸው ማግኔት ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ጃፓናዊው ማሳቶ ሳጋዋና የአሜሪካው ጄኔራል ሞተርስ ተመራማሪዎች፣ አንዱ ከሌላው ሳይማከር፣ ከኒዮዲሚየም፣ ከብረትና ከቦሮን የተሠራ ኃይለኛ ማግኔት አስገኙ። ከክብደቱ 30 በመቶ ያህሉ ብርቅዬ ማዕድን ነው። ሙቀት እንዲቋቋም ሲፈለግ ዲስፕሮሲየም ወይም ተርቢየም ይገባበታል። ዛሬ ይህ ማግኔት በኮምፒውተር ሃርድ ዲስክ፣ በስልክ ድምፅ ማጉያ፣ በኤሌክትሪክ መኪና ሞተር ውስጥ አለ፤ በአንዳንድ የንፋስ ኃይል ማመንጫዎች ውስጥ ደግሞ በመቶዎች ኪሎ ይመዘናል።

ታዲያ ዕቃው ሲጣል ይህ ሁሉ የት ይገባል? በተለመደው አሠራር አሮጌው ዕቃ በማሽን ይፈጫል። ማግኔቱ ተሰባብሮ ከብረት ቁርጥራጭ ጋር ይጣበቅና አብሮት ወደ ማቅለጫ ይሄዳል። ብርቅዬ ማዕድናት ኦክስጅንን አጥብቀው ስለሚይዙ፣ በእቶኑ ውስጥ ወደ ኦክሳይድ ተለውጠው ከሚወገደው ቅሪት ጋር ይወጣሉ። ወርቁና መዳቡ ይተርፋል፤ ኒዮዲሚየሙ ይጠፋል። ስለዚህ ሥራው መጀመር ያለበት ከእቶኑ በፊት፣ ማግኔቱን ለይቶ በማውጣት ነው።

እንግሊዝ ውስጥ በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ሬክስ ሃሪስና ባልደረቦቻቸው ያዳበሩት ዘዴ ለዚህ የሚሆን ነው። ዕቃው በሃይድሮጅን ጋዝ በተሞላ ጋን ውስጥ ሲቀመጥ ማግኔቱ ጋዙን ይመጥጣል፣ ያብጣል፣ ተሰነጣጥቆም ዱቄት ይሆናል። የመሳብ ኃይሉንም ስለሚያጣ ከሌላው ብረት በቀላሉ ተራግፎ ይወድቃል። ዱቄቱ ተጣርቶ እንደገና ማግኔት ሊሠራበት ይችላል፤ ንጥረ ነገሮቹን አንድ በአንድ መለየት ሳያስፈልግ ማለት ነው። የዘዴው ትልቁ ብልሃትም እዚህ ላይ ነው።

ጥሬ ዕቃው የተደባለቀ ወይም የዛገ ከሆነ ግን ረጅሙን መንገድ መያዝ ግድ ይላል። በአሲድ ይሟሟል፣ ብረቱ ይወገዳል፣ ከዚያም ፈሳሹ ከዘይት መሰል ማሟሚያ ጋር እየተቀላቀለና እየተለየ በአሥሮች፣ አንዳንዴም በመቶዎች የሚቆጠሩ ገንዳዎችን ያልፋል። በመጨረሻ የሚገኘው ኦክሳይድ ነው፤ ብረት ለመሆን ገና ሌላ ሂደት ይቀረዋል። የአሲዱና የማሟሚያው ዝቃጭም በራሱ መርዛማ ቆሻሻ ሊሆን ይችላል። ይህን ለማቃለል ከሚጠኑት አማራጮች አንዱ ላንሞዱሊን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ የሆነ፣ ከባክቴሪያ የተገኘና ላንታናይዶችን መርጦ የሚይዝ ፕሮቲን። ከኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ውጭ፣ ከባውክሳይት የሚተርፈው ቀይ ጭቃና የድንጋይ ከሰል አመድም እንደ ምንጭ ይፈተሻሉ፤ ክምራቸው ተራራ ቢያህልም የያዙት ማዕድን ስስ ነው።

ከኬሚስትሪው ይልቅ ይህን ሥራ የሚጥለው ገበያው ነው። ቻይና እ.ኤ.አ. በ2010 ወደ ውጭ የምትልከውን ብርቅዬ ማዕድን ስትቀንስ ዋጋው ናረ። ሶልቬይ የተባለው ኩባንያ በ2012 ፈረንሳይ ውስጥ ከአሮጌ ፍሎረሰንት መብራቶች ኢትሪየም፣ ዩሮፒየምና ተርቢየም ማውጣት ጀመረ። ሆኖም ዋጋው ወረደ፤ ኤልኢዲ አምፖልም ፍሎረሰንቱን ተካ። ሥራው በ2016 ተቋረጠ።

ዓለም በ2022 የጣለችው የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ 62 ሚሊዮን ቶን ቢሆንም፣ ከእንዲህ ያለ ቆሻሻ የሚሸፈነው የብርቅዬ ማዕድናት ፍላጎት 1 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2024 ያወጣው ሕግ የተወሰኑ ዕቃዎች ማግኔት እንዳለባቸውና የማግኔቱን ዓይነት የሚያሳይ ምልክት እንዲይዙ ያዛል፤ ፈቺው ሠራተኛ የትኛውን ዕቃ መክፈት እንደሚያዋጣው የሚያውቀው በዚያ ነው።