ሐዲዱ ሲዞር ከተማው ወዴት ይዞራል?

አሠሪዬ በአዳማ ከአባታቸው በወረሱት ንግድ የሚተዳደሩ ሽማግሌ ነጋዴ ናቸው። ባለፈው ወር በአሮጌው የምድር ባቡር ጣቢያ አጠገብ ያለውን መጋዘናቸውን ለመሸጥ አስበው የውሉን ረቂቅ እንዳዘጋጅ አዘዙኝ። ጽፌ ባቀርብላቸው መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡትና ብዕራቸውን መልሰው አስቀመጡት። «ልጄ፣ ፊርማው ይደርሳል። ባቡር ጥሎት የሄደ ከተማ ከዚህ በፊት በሌላ አገር ታይቶ እንደ ሆነ፣ ነጋዴውም ምን እንደ ሆነ አጣርተህ ንገረኝ» አሉኝ። እኔም ምሽት ምሽት መጻሕፍት ሳገላብጥ ሰነበትሁ። ጥያቄው የእርሳቸው ብቻ ስላይደለ፣ ያገኘሁትን ለዚህ ጋዜጣ አንባብያንም ማቅረብ የሚገባ መስሎ ታየኝ። የአሜሪካን ነገር በአውሮፓ፣ የአገራችንን በራሳችን ዘመን አቈጣጠር እጽፋለሁ።

ይህ ነገር ከየትም አገር ይልቅ ጎልቶ የታየው በአሜሪካ ነው። በሜይ 10 ቀን 1869 ከምሥራቅና ከምዕራብ የመጡት ሁለት ሐዲዶች በዩታ ምድር ፕሮሞንቶሪ በተባለ ስፍራ ተጋጠሙ። ከምዕራብ የመጣውን በአብዛኛው ቻይናውያን፣ ከምሥራቅ በመጣው ላይ ደግሞ ብዙ አየርላንዳውያን ደክመውበታል። ቀድሞ ወራት ይፈጅ የነበረው ጉዞ ወደ አንድ ሳምንት ዝቅ አለ። በ1870 ሦስት መቶ ሺህ ያህል ሕዝብ የነበራት ቺካጎ በ1890 ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሆነች። ሐዲዱ የሁሉ ሲሳይ ነበር ማለት ግን አይደለም፤ የአገሩ ነባር ሕዝቦች መሬታቸውንና የሚኖሩበትን የጎሽ መንጋ ያጡት በዚሁ ዘመን ነው።

ሰዓት እንኳ የባቡሩ ሎሌ ሆነ። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ከተማ በራሱ ፀሐይ እኩለ ቀን ይል ነበር። በኖቬምበር 18 ቀን 1883 የባቡር ኩባንያዎቹ ተስማምተው አገሩን በጥቂት የሰዓት ክልሎች ከፈሉት። ይህ በሕግ የጸናው ግን በ1918 ነው፤ ነጋዴው ከሠላሳ አራት ዓመት በላይ በኩባንያ ሰዓት ሱቁን ከፈተ ማለት ነው።

ለአሠሪዬ ጥያቄ የቀረበው መልስ ካንሳስ ውስጥ ካለችው ከአቢሊን ይገኛል። በ1867 አንድ የከብት ነጋዴ ከሐዲዱ ዳር በረት አሠርቶ፣ ከቴክሳስ በእግር የሚነዱት ከብቶች እዚያ ደርሰው በባቡር እንዲጫኑ አደረገ። በቴክሳስ በርካሽ የሚገዛ ሰንጋ በሰሜን ብዙ እጥፍ ያወጣ ነበርና ትንሿ መንደር በአንድ ጊዜ ሆቴልና መጠጥ ቤት በቤት ሆነች። ወረቱ ግን አምስት ዓመት ገደማ ቢቆይ ነው። ሐዲዱ ወደ ሌሎች ከተሞች ተዘረጋ፤ በአካባቢው የሰፈሩት ገበሬዎችም እርሻቸው በከብት መረገጡ ስለ መረራቸው፣ በ1872 ነጂዎቹ ወደ ሌላ ስፍራ እንዲሄዱ በጽሑፍ ተለመኑ። የመጠጥ ቤቶቹ ባለቤቶች ዕቃቸውን ጭነው ከብቱን ተከተሉ። አቢሊን ግን አልጠፋችም። ዙሪያዋን ስንዴ ተዘርቶ ስለ ነበር በስንዴ ኖረች።

ሁለተኛው ነገር የኪራይ ዋጋ ነው፤ በዚህስ ላይ አንባቢዬ ጥቂት ቢታገሠኝ ደስ ይለኛል። ሁለት መስመር በሚወዳደሩበት በትልልቅ ከተሞች መካከል የጭነት ዋጋ ርካሽ ነበር። አንድ መስመር ብቻ ባለበት በትንሽ ከተማ ግን ኩባንያው የፈለገውን ይጠይቃል። ከዚህም የተነሣ እህልን በአጭር መንገድ መላክ ከረጅሙ መንገድ የበለጠ የሚያስከፍልበት ጊዜ ነበር። ግሬንጅ በተባለው፣ በ1867 በተቋቋመው ማኅበር የተሰበሰቡት ገበሬዎች በየክፍለ ግዛቱ ሕግ እንዲወጣ ታገሉ። በመጨረሻም የአገሪቱ ምክር ቤት በ1887 ባወጣው ሕግ ይህን ዓይነቱን አድልዎ ከለከለ። ሕጉ በወጣ ማግሥት ሁሉ ተስተካከለ ማለት አይደለም፤ ቢሆንም የጭነት ዋጋ የኩባንያው የግል ምሥጢር ሳይሆን የሕዝብ ጉዳይ መሆኑ ታወቀ።

ስለ ጣቢያ ሠራተኛው ስለ ሪቻርድ ሲርስ ሳልናገር ባልፍ ደግሞ ይቆጨኛል። በ1886 በሚኒሶታ አንድ የከተማው ነጋዴ አልቀበልም ያለው የኪስ ሰዓት ጭነት በጣቢያው ቀረ። ሲርስ ሰዓቶቹን ተረክቦ በመስመሩ ላይ ላሉት የሙያ ባልደረቦቹ ሸጣቸው። ቈይቶም ዕቃውን በመጽሐፍ አሳትሞ በፖስታ የሚሸጥ ታላቅ ቤት መሠረተ። የገጠሩ ባለሱቅ ደንበኛውን ተነጠቀ፤ ምሬቱም በስልክ ታዞ በሞተር ብስክሌት ስለሚደርስ ዕቃ ዛሬ በእኛ ገበያ ከሚሰማው የራቀ አይደለም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ለስዊሱ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡሩን ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። በፈቃዱ መሠረት መስመሩ ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከዚያም ወደ ከፋና ወደ ነጭ ዓባይ እንዲዘልቅ ታስቦ ነበር። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ቢጀመርም፣ የሐረርን ተራራ መውጣት ወጪው ስለ ከበደ ሐዲዱ በቆላው በኩል አለፈና በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። ለዘመናት የንግድ እናት የነበረችው ሐረር ቡናዋን ወደ ቆላ አውርዳ የምትጭን ሆነች። ከነጋዴዎቿም ብዙዎቹ ወደ ድሬዳዋ ወርደው መደብራቸውን ከጣቢያው አጠገብ ከፈቱ።

አሜሪካኖቹ ራሳቸው ይህንን ሽግግር በዓይናቸው አይተዋል። በማርሴይ የአሜሪካ ዋና ቈንስል የነበረው ሮበርት ስኪነር የንግድ ውል ለመዋዋል ሲመጣ እስከ ድሬዳዋ በባቡር፣ ከዚያ ወዲህ በግመልና በበቅሎ ተጕዞ አዲስ አበባ ገባ፤ ውሉም በታኅሣሥ ወር 1896 ዓ.ም. ተፈረመ። የመጣበትም ምክንያት ነበረው፤ አያቶቻችን የለበሱት አቡጀዲ በብዛት የአሜሪካ ፋብሪካ ሥራ ነበር፤ ቈዳችንና ቡናችንም በሌሎች ነጋዴዎች እጅ ወደዚያ አገር ይደርስ ነበር።

ባቡሩ አዳማን አልፎ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። በሲራራ ስድስት ሳምንት ያህል ይፈጅ የነበረው የጅቡቲ መንገድ በቀን የሚቈጠር ሆነ፤ ለግመል ባለቤቶቹ ግን እንጀራቸው የተቈረሰበት ዘመን ነው። ከአዋሽ እስከ ሞጆ ያሉት ከተሞቻችን ያደጉት ጣቢያቸውን ከብበው ነው። እኔ ልጅ ሳለሁ ባቡር ሲቃረብ ብርቱካን፣ ሸንኰራና የተቀቀለ እንቍላል የያዙ ሴቶች ወደ ጣቢያው ይሮጡ ነበር። እናቴ ሰዓት አልነበራትም፤ ምሳ የምትጥደው ፉጨቱን ሰምታ ነው።

ያ ፉጨት ከቀረ ዓመታት አልፈዋል። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያ ከከተማው መሐል ወጣ ብሎ ተሠርቷል። ከአዲስ አበባ አዳማ የሚያደርሰው የፍጥነት መንገድም በ2006 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ከወደብ የሚመጣው ኮንቴይነር ደግሞ በብዛት የሚራገፈው በሞጆ ደረቅ ወደብ ነው። እንግዲህ አዳማ ሐረርን ትሆናለች ወይስ አቢሊንን? በእኔ አስተያየት አዳማ ስንዴዋ ከጓሮዋ ነው። የአርሲ እህል፣ የወንጂ ስኳር፣ ወደ አሰላና ወደ ድሬዳዋ የሚሄደው የመኪና መንገድ ከጣቢያው ጋር አልሄዱም። የሚያስፈራኝ ጣቢያውን ብቻ ተማምኖ የተሠራው መደብር ነው፤ የአሠሪዬ መጋዘን አንዱ ነው።

ይህን ሁሉ ስነግራቸው ዝም ብለው አዳመጡኝ። «ሐረሮቹ ወደ ድሬዳዋ ሲወርዱ የሐረሩን ቤት ሸጠው ነው ወይስ አከራይተው?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። ውሉ እስካሁን ሳይፈረም በመሳቢያቸው ውስጥ አለ። ሰኞ ማለዳ በደረቅ ወደቡ አጠገብ የመጋዘን ኪራይ ስንት እንደ ሆነ ለመጠየቅ አብረን ወደ ሞጆ እንሄዳለን።